ሁለትን ሳልጨርስ ሦስትን አልነካም

ችኮ ነኝ። እናቴ «ይህችን ልጅ ከያዘችው ነገር የሚያላቅቃት የለም» ትል ነበር። ችኮነቴ አንድ ጊዜ ከተሰጠኝ የሁለት ወር ጊዜ ግማሹን በላብኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፣ በኮንትራት። ሕመምተኛ ቆሞ እየጠበቀ እኔ ካርድ ፍለጋ መደርደሪያ ስዞር እውላለሁ። አንድ ቀን ኃላፊው ጠራኝ።

«ኮምፒውተር እወዳለሁ ትያለሽ። ስም ሲጻፍበት የካርድ ቁጥር የሚያወጣ ዳታቤዝ በሁለት ወር ከሠራሽ ቋሚ አስደርግሻለሁ። ካልሆነ ኮንትራትሽ ያኔ ያበቃል።»

ካበቃ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ አንኮበር መመለሴ ነው።

ለዚህ ሥራ ፓይተን የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ እንድማር ሰዎች መከሩኝ። ቋንቋው ግን ፓይተን ሁለትና ፓይተን ሦስት ሆኖ ጠበቀኝ። ኮምፒውተር የተማረች ጓደኛዬ የሦስትን ትምህርት በፍላሽ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስለ ፓይተን ሁለት የተጻፈ ኮፒ መጽሐፍ ገዛሁ። የመሪጌታ ልጅ ነኛ! አባቴ ዘንድ ፊደል ሳይለይ መልእክተ ዮሐንስን፣ መልእክቱን ሳይዘልቅ ዳዊትን የነካ ተማሪ የለም። ሁለትን ሳልጨርስ ሦስትን አልነካም አልኩ። ጓደኛዬ «ይሄኮ እንደ ክፍል የሚታለፍ አይደለም» ስትለኝ፣ ስንፍና መሰለኝ።

ወር ሙሉ አጠናሁ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ካርዶች አስገብቼ ስም ስፈልግ፣ በአማርኛ የጻፍኩት ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ወጣ።

«አሮጌው በእኛ ፊደል ያታግላል፤ ሦስት ግን ያለ ችግር ያነበዋል» አለችኝ ጓደኛዬ። የተናደድኩት በራሴ ነው፤ የጮህኩት ግን እሷ ላይ ነው።

ቅዳሜ አባቴ ዘንድ አንኮበር ሄድኩ። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ለመሆኑ ሁለተኛውን ዛሬ የሚያስተምረው አለ?»

«የለም አባዬ፤ ሠሪዎቹም ትተውታል።»

«ታዲያ መምህሩ ጥሎት በሄደው ጉባኤ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። «እኔም ቅኔ ስማር መምህሬ ቢያርፉ ሌላ መምህር ዘንድ ሄጄ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። አፍሬ ነበር። ግን ቶሎ ያዝኩት፤ የገባሽ ነገር የትም አይሄድ።»

እንባዬ መጣ፤ ቀለለኝ መሰለኝ።

ሰኞ ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄ ፍላሹን ከፈትኩ። እውነትም አብዛኛውን አውቀዋለሁ። እየተሳሳትኩም ቢሆን በየቀኑ ወደፊት ሄድኩ።

ቀኑ ሲደርስ ኃላፊው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የገዛ እናቱን ስም ጻፈ። ቁጥሩ ወጣ። ተነሣና ካርዱን ራሱ ከመደርደሪያው አመጣው፤ ስሟን ከስክሪኑ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየ።

«የቋሚነት ደብዳቤሽን አስጽፋለሁ» አለኝ።

እየሮጥኩ ወጥቼ አባቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ሥራው ገና ሳልነግራቸው፣ «ሦስተኛው ስሙን በፊደላችን ጻፈው?» አሉኝ።

«አንድም ሳይገድፍ» አልኳቸው።

«እሰይ! እንግዲያስ ደህና መምህር አግኝተሻል» አሉኝ።