አጥር ውስጥ የቀረ መቃብር

ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን ከተማ፣ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አሮጊት ዓይናቸው በስኳር በሽታ ስለደከመ ፖስታቸውን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ከሥራዎቼ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነበር። ማንበብ የተማርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ ፊደል አይዘልም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር እስከ መጨረሻው አነባለሁ።

"እማማ" እላቸው ነበር። የጉዋም ሰው ናቸው። ጉዋም ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ያለች፣ አሜሪካ የምትገዛት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እስከ ዛሬ ራሳቸውን ከማያስተዳድሩ ግዛቶች ጋር የሚመዘግባት ደሴት ናት። እዚያ የተወለደ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ለጦርነትም ይዘምታል፤ እዚያው እስከኖረ ድረስ ግን ፕሬዚዳንት አይመርጥም። እማማ ሬንተን ከመጡ ጀምሮ ይመርጣሉ። የምርጫውን ወረቀት ስሞላላቸው "ይህን መብት የሰጠኝ የአውሮፕላን ቲኬት ነው" እያሉ ይስቁ ነበር።

ስለ መሬታቸው ሲያወሩ ግን አይስቁም። ልጅ ሳሉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የቤተሰባቸው እርሻ ለጦር ሰፈር ተወሰደ። የአያቶቻቸው መቃብር አጥሩ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሻማ ለማብራት በዓመት አንድ ቀን፣ በር ላይ ተሰልፈው ስማቸው እየተጠራ፣ በይለፍ ወረቀት ይገቡ ነበር። መሬቱ እንደማይመለስ ያውቃሉ። የሚፈልጉት አጥንቱ ከቦታው እንዳይነሳ ብቻ ነበር። አጥንቱ እዚያ እስካለ ድረስ መሬቱ የእኛ ነው ማለት እንችላለን ይሉኝ ነበር።

ደብዳቤው የመጣው ሰኞ ነው። እማማ ተኝተው ስለነበር ወጥ ቤት ቆሜ ከፈትኩት። ጦር ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ግንባታ ስለሚጀመር መቃብሩ ይነሳል፤ አጥንቱም ከሌሎች ጋር በአንድ ላይ ሌላ ቦታ ይቀበራል ይላል። እዚያ ላይ አቆምኩ። ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር ከተትኩት።

ለእኔ ይህ መርዶ ነበር። መርዶ ደግሞ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ በስልክም አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል፤ የሚደግፈው ሰው ቀድሞ አጠገቡ ይቀመጣል። አባቴ የሞተ ጊዜ እዚሁ ሲያትል ለእኔም እንዲህ አድርገውልኛል። አሥራ ሁለት ቀን ደብቀውኝ ሲያበቁ ስድስት ሆነው መጡ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

እማማ እዚህ ያለቻቸው ዘመድ ሊንውድ ከተማ የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ብቻ ናት። ኮል አደረግኳትና እሁድ ትመጣ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳት። ሥራ ነበራት። በሚቀጥለው እሁድ ስትመጣ ደግሞ የእማማ ስኳር ከፍ ብሎ አልጋ ላይ ነበሩ፤ እንዲህ ሆነው አይነገራቸውም ብዬ ለእሷም ሳልነግራት ሸኘኋት። በመካከሉ እማማ በየቀኑ ፖስታ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቁኛል። የመብራቱን፣ የኢንሹራንሱን አነብላቸዋለሁ። ድምፄ እንደ ሁልጊዜው ነበር።

በሦስተኛው እሁድ ጠዋት ልጅቷ መጣች። ቁርስ አበላኋቸው፤ እሷን ከጎናቸው አስቀመጥኳት፤ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩላቸው። እማማ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አላለቀሱም። ልጅቷ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ገለጠችው።

ሁለተኛ ገጽ ነበረው። ተቃውሞ ያለው ቤተሰብ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ ፈርሞ ይላክ ይላል። እኛ ጋ እስኪደርስ ራሱ ሁለት ሳምንት ግድም ፈጅቷል። ቀኑ ያለፈው ከዚያ እሁድ በፊት በነበረው ሐሙስ ነበር።

"ሶ፣ መቼ ነው የደረሰሽ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ከዚያ ስለ መርዶ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ዘመድ እንደሚጠበቅ፣ ለእማማ አስቤ እንደሆነ። የዚያን ቀን እንግሊዝኛዬ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

እማማ እስክጨርስ ጠበቁኝ። "እኛ አገር ጫካ ስንገባ እንኳ የሞቱትን አያቶቻችንን እናስፈቅዳለን" አሉ። "እኔ አልሞትኩም። ለምን አልጠየቅሽኝም?"

ልጅቷ ሌላ ተንከባካቢ እንዲመጣ ፈለገች። እማማ ግን መጀመሪያ ተቃውሞውን ትጻፍልኝ አሉ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። አንዱን ነገር ሁለቴ ሲደግሙት እንደ ልማዴ ላርመው ብዬ ተውኩት። መዘግየቱ የእኔ ጥፋት መሆኑን ከታች ጨመርኩና ፈረምኩበት። እማማ እጃቸውን ይዤላቸው ፈረሙ።

ከብዙ ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። እማማ ብቻቸውን ነበሩ። ካፖርቴን ሳላወልቅ መልሱ መምጣቱን ነገርኳቸው፤ አንብቢው አሉኝ። አንድ አንቀጽ ነው። ተቃውሞው ቀኑ ካለፈ በኋላ ስለደረሰ አልታየም። አጥንቱ ተነስቷል። አዲሱን ቦታ መጎብኘት የሚፈልግ የይለፍ ወረቀት መጠየቅ ይችላል።

"የፈረመው ማነው?"

"ስም የለውም፣ እማማ። ማዕረግ ብቻ ነው።"

"ድገሚው።"

አንቀጹን ደገምኩት። ከዚያ ስልኩን ስጪኝ አሉ። ለልጅቷ ራሳቸው ነገሯት፤ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ምሳቸውን ማሞቅ ጀመርኩ።