በሁለት ጧፍ መሀል

የምሥራች! «ምሥር ብዪ» በሉኝና ልንገራችሁ፦ ዛሬ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ወጣች! ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ተቆልፎባት፣ ዛሬ ወጣች!

ማን አትሉኝም? የጎረቤቴ የሰብሌ ልጅ፣ የሻረግ ናታ! የምጽፍላችሁ ግን ስለ እናቲቱ ነው።

ሰብሌ እዚሁ ላሊበላ ጧፍ ሠርታ የምታድር ሴት ናት። ሰም ታቀልጣለች፣ ፈትል ትነክራለች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ቁጭ ብላ ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም። የሰባተኛ ክፍሏ ልጇ ታዲያ፣ የእናቴን ጧፍ ሰው ሁሉ ይወቅልኝ ብላ የእናቷን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች። ያሳመረች መስሏት ግራና ቀኙን የበራ ጧፍ አደረገችበት፤ ከሥሩም «ውድ እናቴ» ብላ ጻፈች።

እናንተው ፍረዱ። ይህን ያየ ሰው ምን ይላል? «ነፍስ ይማር» ነዋ! የሰብሌ እህት ይማርሽ ደረቷን እየደቃች ከብልባላ መጣች። በሩን የከፈተችላት ሟቿ ራሷ ናት።

«በስመ አብ! ቆመሽ ትሄጃለሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ተኝቼ ልጠብቅሽ?»

እኔ ከግድግዳው ማዶ በሳቅ ፈረስኩ። ሳቁ ግን የአንድ ቀን ነበር። የሻረግ ፎቶውን ወዲያው ብትሰርዘውም ሌሎች ቀድተው አዳርሰውት ኖሯል። ለቅሶ ደራሹ አላቋረጠም። ሰብሌ መንገድ ላይ ስትታይ ሰው ያማትብባታል። «ሟርት ነው! ልጄ በቁሜ ቀበረችኝ» አለች። ስልኩን ሣጥን ውስጥ፣ ልጅቱን ቤት ውስጥ ቆለፈች። እሷም መውጣት ተወች።

በዚያች አንዲት ክፍል እናትና ልጅ ተፋጠጡ። ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ብቻ ይገባል። ያልተሸጠው ጧፍ እየተከመረ መቀመጫ አሳጣቸው። የሻረግ ጥግ ይዛ ፈትል ትገምዳለች፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲሰማ እጇ ቀጥ ይላል።

«ፈተና ደረሰ እኮ፣ እማዬ።»

«ዝም ብለሽ ግመጂ!»

  መምህሯ ምንይችል ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ትናንት በሦስተኛው በበሩ ስንጥቅ እንዲህ አላት፦

«እትዬ ሰብሌ፣ ልጅቱን ስጡኝ አላልኩም። አንቱ ራስዎ ይምጡና ተማሪዎቼን ይምከሩልኝ።»

«እኔ ማይሟ? ስለ ስልክ?»

«ስለ ደረሰብዎት።»

ምን እንዳሰበች እንጃ፣ አንድ እስር ጧፍ ይዛ ወጣች። እኔም ተከተልኳት። ክፍል ገብታ ለሁሉም አደለችና የራሷን ለኮሰች። ከፊት ያለው ልጅ ከእሷ ለኮሰ፣ ሌላውም ከእሱ፣ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ። ከዚያ የራሷን እፍ አለችው።

«የእኔን እፍ አልኩት። የእናንተንስ ማን እፍ ይበል? የሻረግ ያደረገችው ይህንን ነው። የሰው ፎቶ ስታወጡ ባለቤቱን ጠይቁ። የሰው ሞት ስትሰሙም ሳታጣሩ አታዳርሱ። እኔ ይኸው ቆሜ አለሁ!»

 አንዷ ከኋላ፣ «እትዬ፣ ጧፉን እንመልስ?» አለች።

«ያዙት፤ ለነፍሴ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ሰብሌም ሳቀች።

ቤት ስትደርስ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ስልኩን ምንነቱን ሳላውቀው ነው በእጅሽ የሰጠሁሽ» አለቻት ልጇን። «ነገ ትምህርት ቤትሽ ሂጂ። ስልኩን ግን ካሁን ወዲያ አብረን ነው የምንከፍተው፤ አንቺ ታነቢልኛለሽ፣ ተነጋግረን እንለጥፋለን።»

ይኸው ነው። ይማርሽ ግን የእህቷ ልጅ መውጣቷን ገና አልሰማችም! ዛሬ ለገበያ መጥታ፣ ወደ ብልባላ የሚመልሳትን መኪና እየጠበቀች መናኸሪያ ተቀምጣለች አሉ። ሳይነሳ ልድረስባት፣ ነጠላዬን እንኳ የት እንደጣልኩት...