ካኦርን ያልቀመሰው ዱካሞ

ጠዋት ጠዋት ዱካሞ በስደት ከሚኖርባት ከሮዘተንቪል ሰፈር ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ሥራው ሲሄድ ግማሽ ልቡ ፈረንሳይ ነው። በመስኮቱ የድሮው ወርቅ ማውጫ የአፈር ቁልል ብቅ ሲል፣ ለእሱ ካኦር የሚባለው የወይን አገር ኮረብታ ይሆንለታል፤ አውራ መንገዱም ሎት የተባለው ጠመዝማዛ ወንዝ። ሾፌሩ ካልጮኸበት መውረጃውን ያልፋል።

ካኦርን በመጽሐፍ ነው የሚያውቃት። ወይኗ ከመጥቆሩ የተነሳ «ጥቁሩ ወይን» ይሉታል። ጥንት በጀልባ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ የወንዙን አፍ የያዙት የቦርዶ ሰዎች የራሳቸው ሳይሸጥ አናሳልፍም እያሉ ያስቆሙት ነበር። ቀጥሎ ሥር የሚበላ ተባይ መጣ፤ ከዘመናት በኋላ ደግሞ የአንድ የካቲት ውርጭ የተረፈውን ፈጀው። ሰዎቹ ግን ደግመው ተከሉ። ወይኑ በልጅነቱ ሻካራ ነው፣ ምላስ ይይዛል፤ ዓመት ሲጠግብ ይለዝባል ይላሉ። ይላሉ ነው እንግዲህ፤ ዱካሞ ቀምሶ አያውቅም።

ጴንጤ ነው። ከትውልድ ከተማው ከሆሳዕና ሲወጣ መጠጥ የሚባል አፉ እንዳይገባ ለእናቱ ለኤርጎጌ ቃል ገብቷል። በሚሠራበት ምግብ ቤት ለእንግዶች ወይን የሚመርጠው በአፍንጫው ብቻ ነው። አፍንጫውንም ከእሷ ነው የወረሰው፤ እናቱ የተቀበረ ቆጮ ገልጣ፣ አሽትታ፣ «ሁለት ሳምንት ይቀረዋል» ካለች ይቀረዋል። ባልደረባው አየነው ግን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው!» እያለ ይስቅበታል።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ማርሊን የወይን ኃላፊ የሚሆን ሰው ልትመርጥ ነው። «ዓርብ ፊቴ ቀምሰህ ምን ወይን እንደሆነ ከነገርከኝ ቦታው ያንተ ነው» አለችው። አራት ዓመት የተመኘው ቦታ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ለእናቱ ደወለና፣ ቁጣዋን እየጠበቀ፣ ካኦርንም ፈተናውንም አንድ ሳያስቀር ነገራት።

የእሷን ልብ የያዘው ግን የካኦር ውርጭ ነበር።

«ሁሉም ደረቀባቸው?» አለች። የእሷም እንሰት በአጠውልግ በሽታ ያለቀው ዱካሞ አገር በለቀቀበት ዓመት ነው።

«ሁሉም፣ እማዬ።»

«ውይ፣ ጌታ ያስባቸው! ደግመው ሲተክሉስ ጸደቀላቸው?»

«ጸደቀ።»

«የኛ ጓሮ እስከ ዛሬ ባዶ ነው» አለች። ስለ መጠጡ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ዓርብ ማርሊን ስሙ የተሸፈነ ጠርሙስ ከፍታ ቀዳችለት። ዱካሞ አሸተተ፤ ጭስ፣ እርጥብ አፈር፣ የበሰለ ፕሪም። ብርጭቆውን ከንፈሩ ድረስ አድርሶ መለሰው።

«ካኦር ነው። ገና ነው፤ ሦስት ዓመት ይቀረዋል» አለ።

ማርሊን ራሷ ቀመሰችና የጠርሙሱን መሸፈኛ ገለጠች። «ልክ ነህ» አለች። «ግን ራሱ የማይቀምስ ሰው ሾሜ ለእንግዶቼ ምን ልበል?»

ቦታው ለአየነው ሆነ።

ዱካሞ ከፋው፤ በጣም ከፋው። ሲመለስ የአፈሩ ቁልል በመስኮቱ ብቅ አለ፤ ካኦር ግን አልመጣችለትም። የታየው ባዶው ጓሮ ነበር። ስልኩን አወጣ።

«እማዬ፣ ፈቃድ ወስጄ ለእንሰት ተከላ እመጣለሁ።»



«ና» አለችው። «የኛውን ቆጮ ግን ቀምሰህ ነው የምትናገረው።»