አባቴ የማይወደው ዘፈን

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የሚወደው ሞቅ ያለ ዘፈን ብቻ ነው፤ ሬዲዮው ለስለስ ያለ ነገር ከለቀቀ «ይሄ ደግሞ ምን ያለቃቅሰዋል!» ብሎ ጣቢያ ይቀይራል። ምክንያቱን እኛ ቤተሰቦቹ እናውቃለን። የስፌት መኪናውን የሚረግጠው በዘፈኑ ምት ነው፤ ዘፈኑ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲያዘግም ያዘግማል። ስንነግረው ሙልጭ አድርጎ ይክዳል። ደንበኞቹም ነቅተውበታል፤ የቸኮለ ሰው ስልኩ ላይ ጭፈራ ከፍቶ አጠገቡ ቁጭ ይላል።

ሰሞኑን የእኔን የሙሽራ ቀሚስ ያዘ። ሠርጌ ደርሷል፤ ከሠርጉ ማግስት ደግሞ ከባሌ ጋር ሩቅ አገር እሄዳለሁ። ቀሚሱ ግን ፈቀቅ አልል አለ። እኔም ንድድ ብሎኝ ልጨቀጭቀው ወደ ሱቁ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ የሚሰማው ያው የሚጠላው ዓይነት ዘፈን ነው። እግሩ መርገጫውን ቀስ እያለ ይጫናል።

«አባዬ፣ ይሄን አትጠላም እንዴ? ልቀይርልህ?»

«ተይው» አለኝ፣ ከጨርቁ ላይ ቀና ሳይል። «ለካ ያን ያህል አያስጠላም።»

በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ስልኬን አወጣሁና ከዚያም የባሰ ቀርፋፋ ፈልጌ ከፈትኩለት።