አባቴ «መንገዱ ተቆረጠ» ያለ ጊዜ

አባቴ መጀመሪያ «መንገዱ ተቆረጠ» ያለ ቀን እናቴ የቡሬን መንገድ ጎርፍ የበላው መስሏት ማን እንደነገረው ጠየቀችው። ክረምት ነበር፤ መቱ ላይ ክረምት ሲገባ መንገድ ተቆረጠ ቢባል የሚገረም ሰው የለም። አባቴ ግን ይህን ያለው ሳሎን ውስጥ፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ነበር። እጁን ከጌሙ መሪ ላይ አንስቶ የስክሪኑን መሃል በጣቱ አሳየን።

«እዚህ ጋ። ከዚህ በላይ ያለውና ከዚህ በታች ያለው አይገጥምም።»

ቀርቤ አየሁ። የቆመ የጭነት መኪና፣ ግራና ቀኙን ዛፍ የሞላው የፈረንጅ አገር አስፋልት። የተቆረጠ ነገር የለም። እናቴም መነጽሯን አድርጋ አየች፤ እሷም ምንም አልታያት። ያኔ ልቤ ድንግጥ አለ።

የደነገጥኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ስትሮክ ከመምታቱ በፊት በነበሩት ቀናት አባቴ የደጃችንን የመብራት ምሰሶ እያየ «ዛሬም ሁለት ሆነብኝ» ይል ነበር። ድካም ነው አለን፤ እኛም አመንነው። አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሊቆልፍ ሲል ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፤ አፉም ወደ አንድ ጎን ዞረ። ቶሎ ሆስፒታል ስላደረስነው ንግግሩም አረማመዱም ተመለሰለት። ግራ እጁ ግን ሰንፎ ቀረ።

ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። በበደሌና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ፣ ኋላ ላይም በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይመላለስ ነበር። ሐኪሞቹ እጁን እንዲያሠራ የምትጨመቅ ኳስ ሰጡት፤ ሁለት ቀን ጨምቆ አልጋው ሥር ጣላት። አዲስ አበባ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራው ወንድሜ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ አሮጌውን ከነስክሪኑ ላከልን፤ ቆይቶም ከሰው የገዛውን የጌም መሪ ከነፔዳሉ ጨመረበት። እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ደብዳቤ ከመጻፍ ያለፈ የኮምፒውተር እውቀት አልነበረኝም። ወንድሜ በስልክ እየመራኝ የጭነት መኪና መንጃውን ጌም ጫንኩለት። አባቴ የልጆች ነገር ነው ብሎ ሳይነካው ብዙ ሰነበተ። ከዚያ ዝናብ ቤት ያዋለው ቀን ሞከረው፤ ከዚያ ወዲያ ቀርቶ አያውቅም። ቁልቁለት ሲሆን ለራሱ «ሱታ፣ ሱታ» ይላል፤ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው፣ ድሮ ለረዳቶቹም የሚለው ይህንኑ ነበር። ግራ እጁ ቀስ በቀስ መሪውን መጨበጥ ጀመረ። እናቴ ያን ያየች ጊዜ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከመጣ በኋላ ነው መንገዱ ተቆረጠ ያለው።

ሰላሜን አጣሁ። ከሥራ ስመለስ ሰላም ከማለቴ በፊት አፉን አያለሁ። እንዳይነቃብኝ እየተጠነቀቅኩ ከመደርደሪያው ላይ ትሪ በሁለት እጁ እንዲያወርድልኝ እጠይቀዋለሁ፤ የተናገረውን እንዳልሰማሁ ሆኜ አስደግመዋለሁ፤ ፈገግታውን ለማየት ስል የቢሮ ወሬ እፈጥራለሁ። ትሪው ይወርዳል፣ ንግግሩ ጥርት ያለ ነው፣ ፈገግታውም አልተዛባም። ጌሙ ላይ ሲቀመጥ ግን «ይኸው ተቆረጠ» ይላል። እሮጣለሁ። እንደ ደንቡ መኪናውን ዳር አስይዞ ያቆምና በጣቱ ያሳየኛል። እኔ ምንም አላይም።

ሆስፒታል ወሰድኩት። ግፊቱ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ዓይኑ ላይም የሞራ ጅማሬ አለ ተባልን። ሐኪሙ ሞራ ነገሩን ያደበዝዛል እንጂ ለሁለት አይቆርጠውም አለን፤ እርግጡን ለማወቅ ከፈለግን ጅማ ሄዶ ጭንቅላቱን በማሽን መታየት እንደሚችል ነገረን። አባቴ ጭንቅላቴ ደህና ነው፣ የተበላሸው ዕቃው ነው አለ፤ ደግሞም ክረምቱ ሳይወጣ ለዚያ መንገድ አልነሳም ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

ለወንድሜ ደወልኩ። እሱ አልተጨነቀም። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ፍጥነታቸው ሳይገናኝ ሲቀር ምስል እንደሚሰነጠቅ፣ ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ግን ይህንን የሚያስቀር ነገር እንዳለ ነገረኝ። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ አዳፕቲቭ ሲንክ የሚባል ነገር ያለው ስክሪንም አለ፤ ግን ለውድድር ለሚጫወቱ ወጣቶች ነው፣ ለአባዬ ትርፍ ወጪ ነው አለ። እንደነገረኝ አድርጌ ሴቲንጉን አበራሁት።

የባሰ ነገር መጣ። አሮጌው ኮምፒውተር አቅም ስላነሰው ምስሉ እየተንገጫገጨ ይሄድ ጀመር። አባቴ መሪውን ያዞራል፣ መኪናው ዘግይቶ ይታጠፋል። ላብ ፊቱን ሲያጠምቀው አይቼ ተው ልለው ስል ፔዳሉን ለቆ ተነሳ፤ በረንዳው ላይ ደርሶ አስመለሰው። እናቴ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለችና ይህ ነገር ሁለተኛ እንዳይበራ አለች። አስተኛነው። ግፊቱን ለካሁ፣ አፉን አየሁ፣ እጁን ጨብጠኝ አልኩት። ሲረጋጋ መንገዱ ያን ጊዜም ተቆርጦ እንደነበር ጠየቅኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር እንደማያውቅ ነገረኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚሸጥና የሚጠግን ሰው ነበር። አባቴን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው የእኔን ታሪክ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ እሱ ዞረ።

«ጋሼ፣ የሚቆረጠው ቆመው ነው እየሄዱ?»

«ስሄድ። ይልቁንም ስታጠፍ፣ ዛፎቹ በጎን ሲሮጡ።»

ሰውየው አስረዳን። ተራው ስክሪን ሰዓቱን ብቻ አይቶ እንደሚነሳ አውቶቡስ ነው አለ፤ ተሳፋሪው አንድ እግሩን ቢያስገባም ባያስገባም ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሥዕሎቹን አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት እያደረገ ነው የሚልካቸው። በዚህ መሃል ላዩ የአሮጌው፣ ታቹ የአዲሱ ሥዕል ሆኖ ይወጣል። አዳፕቲቭ ሲንክ ያለው ተሳፋሪው ገብቶ እስኪቀመጥ ይጠብቃል። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ። ሰውየው ግን አልደበቀንም፤ ብዙ ሰው ልዩነቱን እንደማያየው፣ ኮምፒውተሩ ከመጠን በላይ ከተጎተተም ይህኛውም እንደማያድነው ተናገረ። መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ስክሪኖች ዋጋ ነገረኝ። ልዩነታቸው የወር ደሞዜን ግማሽ ይጠጋል።

ማታውኑ ወንድሜ እንዳትሸወጂ አለኝ። በተራው ስክሪን ብትቀይሪለትስ አለኝ።

«በተራው ብቀይረውና አሁንም ተቆረጠ ቢል ምን ላውቅ ነው?» አልኩት። «በዚህኛው ከተወው ስክሪኑ ነበር። ካልተወው ዝናብም ቢሆን ጅማ እንሄዳለን።»

እንግዲያው ግማሹን እኔ እልካለሁ አለኝ።

በኮምፒውተር ሻጩ በኩል ያዘዝኩት ውዱ ስክሪን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። እናቴ አጠገባችን መቆም አልፈለገችም፤ ጓዳ ሆና በሩን ገርበብ አደረገችው። አባቴን ያሳመመውን የጌሙን ሴቲንግ አጥፍቼ፣ ስክሪኑን ገጣጥሜ አበራሁት። አባቴ መሪውን ያዘ፣ ከጋራዡ አወጣው፣ አስፋልቱ ላይ ወጣ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ደረሰ።

«ተቆረጠ» አለ።

በጓሮ በር ወጣሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። የጅማውን መንገድ አሰብኩ፤ ማን ከቢሮ እንደሚያስፈቅደኝ፣ እዚያ ምን እንደሚሉን፣ ተመልሰን የምንመጣው ሦስታችንም ሆነን ይሁን አይሁን። ስልኬን ያወጣሁት ለወንድሜ ልደውል ነበር፤ እጄ ግን የኮምፒውተር ባለሱቁን ቁጥር ነካ። አዳፕቲቭ ሲንኩን ከስክሪኑ ከራሱ ቁልፎች አብርተሽዋል ወይ አለኝ። የሚበራ ነገር እንዳለው አላውቅም ነበር። ከፋብሪካ ሲወጣ ጠፍቶ እንደሚመጣ፣ ከስክሪኑም ከኮምፒውተሩም መብራት እንዳለበት ነገረኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ባለሱቁ በስልክ እየመራኝ ሁለቱንም አበራሁ። አባቴ እንደገና ተነሳ። አንዱን መታጠፊያ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ቁልቁለቱ ላይ ደረሰና «ሱታ» አለ። እኔ ስክሪኑን ትቼ ፊቱን አያለሁ።

«አባዬ፣ አሁንስ?»

«ገጠመ» አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

አላመንኩም። እኔን ለማጽናናት ያለው መሰለኝ። ሻይ ሊጠጣ ሲነሳ ሳልነግረው አዳፕቲቭ ሲንኩን አጠፋሁት። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ትንሽ እንደሄደ ፊቱ ጨፈገገ፤ «ምን ነካሽው? ተቆረጠ እኮ» አለ። መኪናውን ዳር ሊይዝ ሲል «አታቁም፣ ንዳ» አልኩትና አንገቴን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ። ዛፎቹ በጎን እያለፉ ነበር። አንዱ ግንድ መሃሉ ላይ ተሰብሮ ላዩ ወደ ግራ፣ ታቹ ወደ ቀኝ ሆኖ አለፈ። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው። ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠራኝ መኪናውን አቁሞ ነበር የሚያሳየኝ፤ የቆመ ሥዕል ደግሞ አይሰነጠቅም።

«አየሁት» አልኩ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ እሷም አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ እሱም ፈርቶ እንደነበር ነገረን። እኛ በሌለንበት አንድ ዓይኑን እየጨፈነ ደጅ ያለውን ምሰሶ ሲያይ፣ ግራ እጁን እየቆነጠጠ ይሰማው እንደሆነ ሲሞክር ከርሟል። ዕቃው ነው የተበላሸው ይለን የነበረው እኛን ሊያረጋጋ እንጂ እርግጠኛ ሆኖ አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ ጅማ ሄድን፤ ይህን ጊዜ እንሂድ ያለው ራሱ ነው። አዲስ ነገር የለም ተባልን፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድና ሞራውን እንዲከታተል ብቻ ተነገረን።

ሰሞኑን አንዲት የቢሮ ባልደረባዬ ልጇ ይህንኑ ዓይነት ስክሪን ግዢልኝ ብሎ እንዳስቸገራት ነግራኝ ትርፉን ገንዘብ ማውጣት ይገባኛል ወይ አለችኝ። ኮምፒውተሩ ፈጣን ጌም የሚያጫውት ካልሆነ፣ ልጁም ሲሰነጠቅ ካላየውና ካላስቸገረው፣ ተራውን ግዢለት አልኳት። ያየው እንደሆነ ግን አትከራከሪው፤ አንዴ ካዩት ወዲያ መተው አይቻልም። እኔ ራሴ የስብሰባ አዳራሻችን ስክሪን ላይ ቪዲዮ ሲታይ የሰዎች ፊት በአግድም ሲሰነጠቅ አያለሁ። ስክሪኑ መሆኑን አውቃለሁ። ይህን ከማስታወሴ በፊት ግን ቀና ብዬ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው አፍ አያለሁ።