መሪጌታን የያዛቸው ነገር

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከአንድ ሰው በቀር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴ እንኳ። ከአእምሮዬ ያልወጣው በእኔ እጅ የሰው ስም ስለጠፋ ነው።

ዳንግላ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። አንድ ቀን ከአዲስ ቅዳም ወደ ገጠሩ ገባ ካለ ደብር፣ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ አቶ ምናለ መጡ። ከመናኸሪያ በጋሪ ያስጫኑትን አሮጌ የድምፅ ማጉያ ሱቄ በር ላይ አወረዱ። በንጉሡ ዘመን የተሠራ፣ ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ዕቃ ነው። እንጅባራ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ናቸው ለደብሩ የሰጡት። ደብሩ መብራት ከገባለት ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

«ነገ ንግሥ ነው። መሪጌታ የሚያስተምሩበት ነው፤ እባክህን አድርስልን» አሉኝ።

አደረስኩላቸው። ድምፁ እንደ አዲስ ሆነ። ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ ብረቱ በቀጥታ ከመብራት መስመሩ ጋር የተያያዘ ነው። መስመሩን ከዕቃው የሚለይ ትራንስፎርመር በመሃል ካልገባለት፣ ብረቱን የነካ ሰው መስመሩን ነካ ማለት ነው። ማይኩም ብረት ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ትራንስፎርመር መጠምጠም ግን ሁለት ቀን ይፈጃል። «የዛሬን ይሥራ፣ ሌላ ጊዜ አስገባለታለሁ» አልኩ በሆዴ። የእጄን ጀርባ ብረቱ ላይ አስነካሁ፤ ምንም አላለኝም። ምን ይለኛል? የጎማ ቦቲ ተጫምቼ ደረቅ ጣውላ ላይ ቆሜ! መስመር መኖሩን የሚያሳየው ቴስተር ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። «ደህና ነው፤ ውሰዱት» አልኳቸው።

በማግሥቱ ዕቃውን ልገጥምላቸው አብሬ ሄድኩ። ጠዋት ሲዘንብ ቆይቶ አባርቶ ነበር። በዚያ ደብር ከቅጥሩ በር ጀምሮ ጫማ ይወልቃል። እኔም ቦቲዬን አውልቄ ገባሁ። እርጥቡን ሣር በባዶ እግሬ እየረገጥኩ እንኳ ነገሩ አልታሰበኝም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ! ሁሉንም ገጣጥሜ ስጨርስ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ሄጄ ስፒናውን ሰካሁ።

መሪጌታ ስድሳን ያለፉ፣ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ከሰው ጋር ክፉ ደግ የማይነጋገሩ ሰው ናቸው። በባዶ እግራቸው እርጥቡ ሣር ላይ ቆመው ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «በስመ አብ ወወልድ» ብለው ሳይጨርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ጥርሳቸው ገጠመ፤ ከጉሮሯቸው የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ማይኩን ግን አልለቀቁም።

«ያዛቸው! ጋኔን ያዛቸው!» አለ ሕዝቡ።

«ጠበል አምጡ!» አለች አንዲት ሴት፤ ራሷም በጆግ ይዛ ሮጠች። ሁሉም «አባ» የሚሏቸው ሽማግሌ ቄስ የእንጨት መስቀላቸውን ዘርግተው፣ ጸሎት እየደገሙ ተጠጉ።

እኔ ስፒናው አጠገብ ቆሜ አያለሁ። ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው። ምንም አልተሰማኝም። ከሩቅ የማየው የሌላ አገር ነገር ይመስለኝ ነበር። ሴትዮዋ ውኃውን ልትደፋባቸው ስትቃረብ ነው እጄ ስፒናውን የነቀለው። በዚያችው ቅጽበት የአባ መስቀል የመሪጌታን ግንባር ነካ። መሪጌታ ተዝለፍልፈው ወደቁ።

«ለቀቃቸው! ለቀቃቸው!»

እልልታው ቀለጠ። አባ በደስታ አለቀሱ። የመሪጌታ መዳፍ ላይ የቀረውን ቃጠሎ እንኳ ሰዉ የጋኔን ምልክት ነው አለው። እኔ ስፒናውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ያኔ መናገር ነበረብኝ። መሪጌታ መተንፈሳቸውን አየሁና «ዕቃው ተበላሽቷል» ብዬ አስጭኜው ተመለስኩ።

ትራንስፎርመሩን ጠመጠምኩ። ሁለት ቀን ብቻ ፈጀብኝ። ጨርሼ ስገጥመው ወለሉ ላይ ውኃ ደፋሁ፤ በባዶ እግሬ ቆሜ ማይኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ምንም የለም። ቢይዘኝም ግድ አልነበረኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አቶ ምናለ ዕቃውን ሊወስዱ መጡ።

«መሪጌታስ?» አልኳቸው።

«አይ እሳቸውማ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰዉ በአማርኛም በአዊኛም የሚያወራው እሱኑ ነው። በስውር አስማት ይደግሙ ነበር፣ የደገሙት ነው የያዛቸው ይላል። ልጁን ከዜማ ትምህርቱ ያላስወጣ ወላጅ የለም። እሳቸውም ጠበል ገብተዋል።»

«እሳቸውም አመኑ?»

«ታዲያ ምን ይበሉ? በራሳቸው የደረሰ ነገር!»

አብሬያቸው ሄድኩ። መሪጌታ ጠበሉ አጠገብ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠው ነበር፤ ጢማቸው ገና አልደረቀም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«ታዲያ የለብኝም?» አሉኝ።

«የለብዎትም መሪጌታ። የመብራት መስመሩ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አለቀሱ። «ምን በድዬ ነው እያልኩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያደረግሁትን ስፈትሽ ሰነበትኩ እኮ!» አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሑድ ሕዝቡ ፊት ቆሜ እናገራለሁ» አልኳቸው።

«ተው ልጄ» አሉ። «አባ አርጅተዋል። በእጄ ሰው ዳነ ብለው ደስ ብሏቸዋል። ይህን ብትናገር ሰዉ ይስቅባቸዋል። እኔ ካወቅሁት ይበቃኛል።»

እፎይ አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ ሕዝብ ፊት ከመቆም ስለተረፍኩ እፎይ አልኩ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዳንግላ ተመለስኩ።

ተማሪዎቹ አልተመለሱላቸውም። በዓመቱ መሪጌታ ደብሩን ለቀው ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አባም አርፈዋል፤ አሁን የሚሳቅበት የለም። ያን ቀን ሳስበው እንባ አይመጣልኝም። ልቤ ደንዝዟል። ቢያመኝ ደስ ባለኝ።

የዚያ ደብር ሰው ይህን የሚያነብ ካለ ለሌላውም ይንገርልኝ፤ መሪጌታ አስማት አልደገሙም፣ ጋኔንም አልነበረባቸውም። የያዛቸው እኔ ሳልጨርስ «ደህና ነው» ብዬ የሰጠሁት ዕቃ ነው።