አባቴ ማሲንቆ የተፈተነ ዕለት

አባቴ ለፈተና እንዲቀርብ ደብዳቤ ሲመጣ የተናደድሁት እኔ ነኝ፤ እሱማ ሳቀ። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ከእስቴ እስከ ስማዳ ያልተጫወተበት ሠርግና ክርስትና የሌለ ሰው፣ ማሲንቆ ይችላል አይችልም ተብሎ ሊመዘን! «እንግዲያው ቄሱንም አቡነ ዘበሰማያት ፈትኗቸዋ!» ብዬ ደብዳቤውን ባመጣው ሰውዬ ላይ ጮህሁበት። ምን ያድርግ፣ እሱ መልእክተኛ ነው። ውኃ ጠጥቶ ሄደ።

አባቴ ንፋስ መውጫ በሚገኘው የወጣቶች ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ ለስምንት ልጆች ማሲንቆ ያስተምር ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን የደረጃ ሦስት ወረቀት የሌለው ማስተማር አይችልም ተባለ። ደረጃ አንድ አያያዝና መቃኘት ነው። ደረጃ ሁለት አራቱን ቅኝት አሳምሮ መጫወት። ደረጃ ሦስት ደግሞ ምንም የማያውቅ ሰው ፈታኝ ፊት አስቀምጦ ማስተማር። ሦስቱንም በአንድ ቀን መፈተን ይቻላል፤ ከወደቀ ግን እስከ ዓመቱ ሌላ ፈተና የለም፣ ክፍሉም ይዘጋል። አባቴ እነዚያን ልጆች እንዴት እንደሚወዳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ገና ረቡዕ ሲሆን «ቅዳሜ ዘንድሮ ራቀ እኮ» ማለት ይጀምራል።

እኔ አብሬው የምሠራ ዘፋኝ ልጁ ነኝ። በእኛ ቤት ልማዱ የታወቀ ነው፤ ወንዱ ይመታል፣ ሴቷ ትዘፍናለች። እናቴም እስክትሞት እንደዚያው ነበረች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ማሲንቆውን ከግድግዳ አውርጄ ስታቀፈው አባቴ ደረሰብኝና እጄን መታኝ። «ሁለተኛ ይዘሽ እንዳላይሽ! ያንቺ ሀብት ጉሮሮሽ ነው» አለኝ። እውነትም ሁለተኛ አላየኝም። እሱ አርብ ገበያ በሄደ ቁጥር በሩን ቀርቅሬ እገዘግዘው ነበር እንጂ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ! የሰማ ጎረቤት ቢኖርም አባቴ ቤት ያለ እየመሰለው ያልፋል።

የፈተናውን መመሪያ ከስልኬ እያነበብሁ አስጠናሁት። «ትዝታ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው» ስለው፣ «አምስት መሆናቸውን ማን ቆጠራቸው?» ይለኛል። ወይ አበሳዬ! በመጨረሻ ተስፋ ቆረጥሁና አንድ ነገር ብቻ ለመንሁት። «አባዬ፣ በሞቴ፣ ከተጠየቅኸው ውጪ አፍህን እንዳትከፍት።»

«እሺ እመቤቴ» አለኝ።

በፈተናው ቀን አዳራሹ ክራራቸውን በዚፕ ቦርሳ ባንጠለጠሉ ተማሪዎች ተሞልቷል። አባቴ ማሲንቆውን በጋቢው ጠቅልሎ ገባ። ፈታኟ ከባሕር ዳር የመጣች ልጅ እግር ናት፤ ፊቷ የማይስቅ፣ እጇ ግን እንደ ባለሙያ እጅ ጥፍሩ ያጠረ። ቤተሰብ ከኋላ እንዲቀመጥ ተፈቅዶ ስለነበር አንዱ አግዳሚ ላይ ተሰየምሁ።

መጀመሪያ የማሲንቆውን ጭራ አላልታ ሰጠችውና ስልኳን አወጣች፤ ድምፅ ልክ ሲሆን አረንጓዴ የሚያበራ ነገር አለበት። አባቴ ጆሮውን ወደ እንጨቱ ዘንበል አድርጎ መቃኛውን ሁለት ጊዜ ጠምዘዝ፣ አንዴ መለስ አደረገው። በቃ። ደጋኑን አንዴ ሲስበው አረንጓዴው ቦግ አለ። ልጅቷ ስልኩ የተበላሸ መስሏት መታ መታ አደረገችው።

ቀጥላ «አሁን ትዝታን ይጫወቱልኝ፣ ግን ግጥም ሳያስገቡ» አለችው።

እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። የአዝማሪን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሠርግ ቤት አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ብሎ ቃል ሲወረውር፣ ያንን ቃል ተቀብሎ በዜማ መመለስ የአዝማሪ ግዴታው ነው። የተወረወረለትን የሚጥል አዝማሪ የለም። አባቴ ደግሞ አርባ ዓመት ፊቱ ቆሞ የተናገረውን ሰው ሁሉ ሲቀበል የኖረ ነው። እናም ቀልጠፍ ብሎ፣

«ግጥም ይቅር አለች ልጅ እግሯ ፈታኝ፣
አፌን ዘግቼማ በምን ልትረዳኝ?»

አይል መሰላችሁ! ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔ በነጠላዬ ተሸፋፈንሁ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ልጅቷ ቆጣ ብላ «አባቴ፣ እኔ መመሪያ ነው የሰጠሁዎት!» አለች። አፉ እንደገና ሲከፈት አየሁና ከኋላ ሆኜ «አባዬ!» ብዬ ጮህሁ። ያኔ ነቃ። ይቅርታ ጠይቆ ዓይኑን ጨፈነና ያለ ግጥም ጀመረ።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የገዛ አባቴ ነው፤ ሃያ ዓመት ጎኑ ቆሜያለሁ፤ ግን እሱ ሲመታ እኔ የሚቀጥለውን ስንኝ ነበር የማስበው፣ ሸላሚውን ነበር የማየው። አፌን ዘግቼ ተቀምጬ ስሰማው የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አንዲት ጭራ ናት እኮ! ከዚያች ውስጥ እናቴ መጣች፤ ሳቋ፣ ሳሏ ሳይቀር። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል፣ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር የት ላይ እንደተሻገረ መያዝ አቃተኝ።  ፈታኟ ብዕሯን ካስቀመጠች ቆይታለች። እኔ ይህንን ሰው ነው ለካ አፍህን ዝጋ እያልሁ ስነዘንዝ የከረምሁት! አፈርሁ፤ ደግሞም ፈራሁት፤ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ የሚይዘኝን ዓይነት ፍርሃት።

«ደረጃ ሁለትን አልፈዋል» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቀረ ደረጃ ሦስት። ፈታኟ ፊት ተማሪው እንድትሆን የተመዘገበችው ሴትዮ ግን ላሟ ምጥ ይዟት ቀርታለች። ፈታኟ አዳራሹን ቃኘችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። «እህቴ፣ እርስዎ ማሲንቆ ይዘው ያውቃሉ?»

አባቴ ቀደመኝ። «ይህቺ? ዘፋኝ ናት። ነክታውም አታውቅ።»

 አውቃለሁ ብል የሠላሳ ዓመት ገመናዬ በሰው ፊት ሊዘረገፍ፣ እሱም የሚያስተምረው ሰው ሊያጣ። ዝም ብል ደግሞ ውሸት። «የሚችል ሰው ሆኖ ከተገኘ ፈተናው እንደሚሰረዝ ልብ ይበሉ» ብላ ፈታኟ ጨመረችበት። እኔም ተነሥቼ ሄድሁና አባቴ ፊት ተቀመጥሁ።

እንግዲህ አለማወቅን ማስመሰል ያዝሁ። ደጋኑን እንደ ወጥ ማማሰያ ጨበጥሁት፤ ጭራውን አንቋቋሁት። አባቴ አልተቆጣም። ያ እጄን የመታ ሰው ጣቶቼን አንድ በአንድ እያነሣ ቦታ ቦታቸው አስቀመጣቸው። «ጭራውን አትጫኚው፣ ልጄ፤ ዳሰስ ነው። መጀመሪያ አምባሰልን በሆድሽ ዝፈኚው፤ ድምፅ አታውጪ። ጣትሽ ጉሮሮሽን ይከተላት» አለኝ።

በዓይኔ ሰርቄ የተማርሁት ሁሉ ይህ ጎድሎት ነበር ለካ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጫነው ነው የኖርሁት። በሆዴ ዘፈንሁ፤ ጣቴን አቀለልሁ፤ ደጋኑን ሳብሁ። ከዚያ የወጣው ድምፅ የራሴ ድምፅ ነበር።  ማስመሰሉን፣ ፈተናውን፣ ሰውን ሁሉ ረሳሁና አምባሰልን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረድሁት።

ዓይኔን ስገልጥ ተማሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። ፈታኟ ቆማለች። «ይህ የጀማሪ እጅ አይደለም» አለች።

አባቴ እኔን እንጂ እሷን አላያትም። «ልጄ፣ ትችያለሽ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እጄን ከመታኸኝ ጊዜ ጀምሮ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ሠላሳ ዓመት ፈጀበት። ፈታኟ ጨንቋት ነበር መሰለኝ፣ ለስለስ ብላ «አባቴ፣ እስቲ ይንገሩኝ፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?» ብላ ጠየቀችው። ብቻ አላውቅም ነበር ቢላት፣ አሁን ነው ያስተማርኋት ብሎ ቢከራከር፣ ልትለቅቀው እንደፈለገች ከፊቷ ይነበብ ነበር። እኔም በልቤ በል በለው እያልሁ ለመንሁት። ስምንቱ ልጆች ዓይኔ ላይ መጡ።

«አላስተማርኋትም» አለ። «ከልክያታለሁ።»

ይህን ያለው ጮክ ብሎ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ማሲንቆውን ጉልበቴ ላይ አስተካከለውና ወደ ፈታኟ ዞረ። «የእኔን ሰርዢው፣ ልጄ። እሷን ግን ፈትኚያት። ብዙ ቆይታለች» አላት።

ፈተነችኝ። ደረጃ ሁለትን አለፍሁ። የአባቴ ደረጃ ሦስት ተሰረዘ፤ የቅዳሜው ክፍልም ለዓመት ተዘጋ። አዳራሹ በር ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። «በእንጀራህ ገባሁብህ፣ አባዬ» አልሁት። «ዝም በይ እስቲ» ብሎ ክንዴን ይዞ አነሣኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ሠርጓ ላይ የተጫወትንላት ሴት አጠገባችን ተቀምጣለች። ፈተናውን ሰምታ ኖሮ «እንዴት ሆኑ ታዲያ፣ አባቴ?» አለችው።

«ወደቅሁ» አላት።

ደንግጣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና፣ ጨዋታ ለመቀየር ብላ ጉልበቴ ላይ ያለውን አመለከተች። «ውይ፣ ምነው ዛሬ ማሲንቆዎን እሷን አሸከሟት?»

አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው» አለ።

በቤታችን ከዚያ ሌላ ማሲንቆ የለም።